ሁለት ጠመንጃ ለሁሉም አደን፦ ከወረቀት ዝርዝር እስከ ዒላማ ማስያዝ

ብዙ አዳኝ ሁለት ጠመንጃ ይገዛና በእጁ ያለው አንድ ሆኖ ይቀራል። .270 ዊንቸስተር እያለው .30-06 ስፕሪንግፊልድ ይጨምራል (እነዚህ ጠመንጃው የሚተኩሰው የጥይት ዓይነት ስሞች ናቸው)። ዓመት ቆይቶ ሲያስበው ሁለቱም አንድ ዓይነት እንስሳ በአንድ ዓይነት ርቀት ይጥላሉ፤ ለጥንቸል ሁለቱም ይበዛሉ፣ ለጎሽ ሁለቱም ያንሳሉ። ሌላው ደግሞ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ለሚመኘው ትልቅ አውሬ ከባድ ጠመንጃ ገዝቶ በየወሩ ሚዳቋ ያድንበታል። ትከሻው ይጎዳል፣ ሥጋው ይበላሻል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል። እኔ ሁለቱንም ስሕተት በየተራ ሠርቻለሁ።

የሚከተሉት ደረጃዎች በቅደም ተከተል እንዲሠሩ ሆነው ተጽፈዋል። የጥይት ምርጫው አራተኛው ደረጃ ላይ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ እርሱ ዘልለው አይሂዱ።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልግዎ ባዶ ወረቀት፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የሚኖሩበትና የሚያድኑበት አገር የአደንና የጦር መሣሪያ ሕግ እንዲሁም የተፈቀደ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ነው። በጀቱን ሲያሰሉ ጠመንጃውን ብቻ አያስቡ። ቴሌስኮፕ፣ ማያያዣ፣ ማንገቻ፣ የሚቆለፍ የብረት ሣጥን፣ የጆሮ መከላከያ እና ለዋናው ጠመንጃ ቢያንስ 200 የልምምድ ጥይት በሒሳቡ ይግቡ። ከእነዚህ በኋላ የተረፈው ገንዘብ ለሁለት ጠመንጃ ካልበቃ አንዱን ብቻ ይግዙ፤ ሁለተኛው ይቆይ።

በቃላት እንዳንጋጭ፦ ከዚህ በታች «ጥይት» የምለው ቀለሁ፣ ባሩዱና አረሩ አንድ ላይ ሆነው ነው። «አረር» ከአፈሙዝ የሚወጣው ብቻ ነው። «ቱቦ» አረሩ የሚያልፍበት የጠመንጃው ብረት ነው።

ደረጃ 1፦ የሚያድኑትን በወረቀት ያስፍሩ

1. ወረቀቱን በአራት ዓምድ ይክፈሉ፦ እንስሳ፣ ክብደት፣ ርቀት፣ በዓመት ስንት ቀን።
2. ባለፉት ሦስት ዓመታት በእርግጥ የወጡበትን አደን ብቻ ይጻፉ። የሚመኙትን አውሬ ከወረቀቱ ጀርባ ያስፍሩት። ጀማሪ ከሆኑ ፈቃድዎ የሚሸፍናቸውን እንስሳት ይጻፉ።
3. ክብደቱን በግምት ይሙሉ። ጥንቸል ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም፣ ትንሽ ሚዳቋ 20 አካባቢ፣ ከርከሮ 80 አካባቢ፣ ጎሽ ከ500 በላይ።
4. ርቀቱን በትዝታ አይጻፉ። ወደ ቦታው ተመልሰው በእርምጃ ወይም በርቀት መለኪያ ይለኩ። አዳኝ ርቀት ሲያወራ እንደ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እኔ ራሴ ለዓመታት «300 ሜትር» እያልኩ ያወራሁት ተኩስ ሲለካ 180 አልሞላም።
5. በቀን ብዛት የሚበልጠውን ረድፍ ያክብቡ። ዋናው ጠመንጃ የሚመረጠው ለዚህ ረድፍ ነው።

*ከተበላሸ፦* ሁሉም ረድፎች ከ20 እስከ 150 ኪሎ ግራም ባለው ክልል ውስጥ ከወደቁ ሁለተኛ ጠመንጃ አያስፈልግዎትም። ይህን ማንም ሻጭ አይነግርዎትም። አንድ ጥሩ ጠመንጃ ይግዙና የቀረውን ለጥይትና ለልምምድ ያውሉት።

ደረጃ 2፦ ሕጉን ከዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ

ሕግ የሚከለክለው ጠመንጃ የቱንም ያህል ቢመች ምርጫ ውስጥ አይገባም። ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ፦ ዝቅተኛ የአረር ውፍረት፣ ዝቅተኛ ኃይል በጁል እና ኃይሉ የሚለካበት ርቀት።

ሦስተኛውን ብዙዎች ይስቱታል። ጀርመን ከትንሹ አጋዘን በላይ ለሆኑት ትልልቅ የአደን እንስሳት 6.5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና በ100 ሜትር ርቀት ላይ 2,000 ጁል ትጠይቃለች። .243 ዊንቸስተር ኃይሉን ያሟላል፤ አረሩ 6.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ግን አያልፍም። ናሚቢያ ደግሞ ኃይሉን ከአፈሙዝ ላይ ትለካለች፦ ለትናንሽ ሚዳቋዎች 1,350፣ ለመካከለኞቹ 2,700፣ ለጎሽና ለዝሆን 5,400 ጁል። 9.3×62 ጎሽ ለመጣል የታወቀ ጥይት ነው፤ ሆኖም የፋብሪካ ጥይቱ ብዙውን ጊዜ 4,800 ጁል አካባቢ ስለሚቆም በዚህ ሕግ ይወድቃል። ከባዱን ጠመንጃ የሚመርጥልዎ አንዳንድ ጊዜ የራስዎ ፍላጎት ሳይሆን እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር ነው።

የእርሳስ ክልከላውንም ይመልከቱ። ካሊፎርኒያ ከ2019፣ ዴንማርክ ከ2024 ጀምሮ የእርሳስ አረር ለአደን አይፈቅዱም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያድኑ ከሆነ ጠመንጃው የመዳብ አረር በትክክል መተኮሱን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመግዣ ፈቃድ በእጅዎ ሳይገባ ቀብድ አይክፈሉ።

ደረጃ 3፦ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፍጠሩ

እኔ የምጠቀመው መለኪያ ቀላል ነው፦ የከባዱ ጠመንጃ አረር ከቀላሉ ጠመንጃ አረር ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝን። የጥይት ሣጥን ክብደቱን በግሬን ስለሚጽፍ ለ15.4 አካፍለው ወደ ግራም ይለውጡት።

.270 የተለመደው አረሩ 8.4 ግራም ነው፤ .30-06 ደግሞ 10.7 ወይም 11.7። እጥፍ ቀርቶ ግማሽ ጭማሪ እንኳ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ጥምረት ይተዉት። ክፍተቱን የሚያሟሉት ወይም የሚጠጉት እነዚህ ናቸው፦

- ትንሽና መካከለኛ። .22 ሎንግ ራይፍል (2.6 ግራም) ወይም .223 ሬሚንግተን (3.6 ግራም) ከ.308 ዊንቸስተር (9.7 ግራም) ጋር። ዝርዝሩ ከጥንቸል እስከ ከርከሮና ትልቅ ድኩላ ለሚሄድ ሰው። ከአሥር አዳኝ ለዘጠኙ የምመክረው ይህንን ነው።
- መካከለኛና ከባድ። .308፣ .30-06 ወይም 7×57 ማውዘር ከ.375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም (19.4 ግራም) ጋር። ጎሽና ከእርሱ በላይ ያለው በወረቀቱ ፊት ላይ ለተጻፈለት ብቻ።
- ቀላልና መካከለኛ። .243 (6.5 ግራም) ከ.30-06 (11.7 ግራም) ጋር። እጥፍ አይሞላም። ቢሆንም ቤት ውስጥ ርግጫ (ሲተኮስ ጠመንጃው ትከሻን ወደ ኋላ የሚመታበት ኃይል) የማይችል ወይም ገና የሚለማመድ ሌላ አዳኝ ካለ እቀበለዋለሁ፤ የ.243 ርግጫ የ.30-06 ግማሽ ያህል ነውና።

ሁለቱ ጥይቶች በመልክ የማይመሳሰሉ ይሁኑ። የ.300 ብላክአውት ጥይት በ.223 ጠመንጃ ውስጥ ሊገባና መዝጊያው ሊዘጋበት ይችላል፤ ሲተኮስ ጠመንጃው ይፈነዳል። ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ አለማስገባት ከማንኛውም ጥንቃቄ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ የዋናውን ጠመንጃ ጥይት ይምረጡ

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይከራከራል፤ የሚለያያቸው ግን ከሚወራው ያነሰ ነው። .30-06 ከ1906፣ .270 ከ1925፣ .308 ከ1952፣ 6.5 ክሪድሞር ከ2007 ጀምሮ አሉ። ከመቶ ዓመት ልዩነት በኋላም በ200 ሜትር ላይ የቆመ ድኩላ በየትኛው እንደተመታ አይለይም። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ያጣሩ፦

1. መደርደሪያውን ይቁጠሩ። ጥይት ወደሚገዙበት ቦታ ሁሉ ሄደው በእጃቸው ያለውን ይመዝግቡ፤ «ይመጣል» የተባለውን አይቁጠሩ። ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ቢያንስ በሁለት ዓይነት አረር ያልተገኘ ጥይት ከዝርዝሩ ይሰረዝ። እኔ አንድ ጊዜ «በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» ተብዬ የገዛሁት ጠመንጃ ስምንት ወር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከርሟል።
2. ርግጫውን ይሞክሩ። ከሚያውቁት ሰው ተውሰው ወይም በመለማመጃ ቦታ በእያንዳንዱ ዓይነት አሥር ጥይት ይተኩሱ። አሥረኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከመሐል ከራቀ ያ ጥይት ለእርስዎ አይደለም።
3. የአረሩን አሠራር ይምረጡ። ከጥይቱ ስም ይልቅ እንስሳውን የሚጥለው ይህ ነው። አፉ ለስላሳ የሆነ እርሳስ ለቀላል እንስሳት ይበቃል። አጥንት ለሚሰብር ተኩስ እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተጣበቀ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ ይሁን። ሙሉ በሙሉ በብረት የተለበሰ የወታደር አረር ለተራ አደን አይጠቀሙ፤ ሳይሰፋ ጠባብ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል፣ እንስሳውም ቆስሎ ይሄዳል።
4. የማግነምን (ብዙ ባሩድ የሚይዝ ኃይለኛ ጥይት) ፈተና ይለፉ። .300 ዊንቸስተር ማግነም እና 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም የሚጠቅሙት ዝርዝርዎ ላይ ከ300 ሜትር በላይ የተለካ ርቀት በተደጋጋሚ ከታየ ነው። ካልታየ የሚተርፍዎ ርግጫ፣ ጩኸትና ረጅም ቱቦ ብቻ ይሆናል።

እስከዚህ ተጣርቶ ሁለት ወይም ሦስት ጥይት ከቀረና መምረጥ ካቃተዎት .308 ይግዙ። አጭር ነው፤ የጥይቱ ሙሉ ርዝመት 71 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ.30-06 ወደ 85 ይደርሳል፤ ስለዚህ ጠመንጃውም ያጥራል፣ ይቀላልም። ከ150 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ እንስሳ ዘወትር የሚያድን ሰው ግን .30-06ን ይመልከት፤ እስከ 14.3 ግራም የሚደርስ አረር ስለሚሸከም።

ደረጃ 5፦ ሁለተኛውን ይጨምሩ

ሁለተኛው ትንሽ ከሆነ ጉዳዩ አጭር ነው። ለሥጋ የሚታደን ጥንቸል ከሆነ .22 ይውሰዱ፤ .223 ሥጋውን ይበታትነዋል። ከ100 ሜትር ባሻገር ቀበሮና መሰል አውሬ የሚጠብቁ ከሆነ ደግሞ .223 ይሻላል። .22 ድምፁ ትንሽ ነው ብለው አይናቁት፤ አረሩ 2 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሊጓዝ ይችላል፤ ከዒላማው በስተጀርባ አፈር ወይም ተዳፋት ሳይኖር አይተኮስም።

ሁለተኛው ከባድ ከሆነ ቀስ ይበሉ። የ.375 ርግጫ የ.30-06ን እጥፍ ይጠጋል። ክብደቱ ከ4 ኪሎ ግራም በታች የሆነ .375 በሱቅ ውስጥ ሲይዙት ደስ ይላል፤ ሲተኩሱት ግን ሁለተኛውን ጥይት ለማቀባበል እጅዎ ይፈራል። ለአደገኛ አውሬ ደግሞ ዋናው ሁለተኛው ጥይት ነው። ከ4 እስከ 4.5 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ይውሰዱ። ካዝናው ሦስት ጥይት ይያዝ፤ አራት ቢይዝ ይመረጣል። ለጎሽ ሁለት ዓይነት አረር ያዘጋጁ፦ የሚሰፋ ጠንካራ አረር እና የማይሰፋ ድፍን። ሁለቱም ከዚያው ጠመንጃ አንድ ቦታ መምታታቸውን በዒላማ ወረቀት ሳያረጋግጡ አይቀላቅሉ።

ደረጃ 6፦ ጠመንጃውን ከሰውነትዎ ጋር ያስማሙ

1. ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ይዩ። መዝጊያውን ከፍተው የጥይት ማደሪያውንና ካዝናውን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣትም ይፈትሹ። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልዎትም ይድገሙት።
2. አደን ላይ የሚለብሱትን ጃኬት ይልበሱ።
3. ከፊትዎ ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ ይምረጡ። ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ጠመንጃውን ወደ ትከሻዎ ያምጡ፤ ጉንጭዎን ሰደፉ ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ ዓይንዎን ይክፈቱ።
4. ምን አዩ? ዓይንዎ በቴሌስኮፑ መሐል ሙሉ ክብ ካየ ሰደፉ ይስማማዎታል። ጥቁር ጥላ ከታች ወይም ከላይ ካየ የጉንጭ ማሳረፊያው ከፍታ አይመጥንም። ሰደፉ ብብትዎ ላይ ከተሰነቀረ ረዝሟል። የአውራ ጣትዎ አንጓ አፍንጫዎን ከነካ አጥሯል፤ ሲተኮስ ጣትዎ አፍንጫዎን ይመታዋል። በአፍንጫዎና በአውራ ጣትዎ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ይኑር።
5. አምስት ጊዜ ይድገሙ። ሦስት ጊዜ ያህል አንገትዎን አንቀሳቅሰው ካስተካከሉ ይተዉት።

የተለመደው ሰደፍ ከምላጭ እስከ ጫፍ 34 ወይም 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁመተ አጭር ሰው ማሳጠር ይችላል፤ ረጅም ሰው የጎማ ትራስ ያስጨምራል። ቱቦው 56 ሴንቲ ሜትር ለመካከለኛ ጥይቶች በቂ ነው። ምላጩ ከ1.2 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም በሚሆን ጉተታ ይለቀቅ፤ ከዚያ ከቀለለ በብርድ የደነዘዘ ጣት ሳያስበው ይለቀዋል።

አሁን ብዙዎች የሚዘነጉት፦ ሁለቱ ጠመንጃዎች በአንድ ዓይነት መንገድ የሚሠሩ ይሁኑ። አንዱ በእጅ የሚቀባበል ከሆነ ሌላውም እንደዚያው ይሁን። የደህንነት ቁልፉ በአንዱ ወደ ፊት ተገፍቶ የሚለቅ ከሆነ በሌላውም ወደ ፊት ይገፋ። አውሬ በ20 ሜትር ፊት ለፊት ሲቆም አውራ ጣት የሚያስታውሰው ዘወትር የለመደውን ብቻ ነው። ግራኝ ከሆኑ ሁለቱንም የግራ ይግዙ፤ አንዱን የቀኝ አያድርጉ።

ያገለገለ ጠመንጃ የሚገዙ ከሆነ

- መዝጊያውን አውጥተው ከኋላ በኩል ቱቦውን ወደ ብርሃን ይመልከቱ። መስመሮቹ ስለታም፣ ብረቱ አንጸባራቂ ይሁን። ጥቁር ጉድጓዶች ካሉ ይተዉት።
- የአፈሙዙን ጫፍ በጥፍርዎ ጫፍ ዙሪያውን ይዳስሱ። ጥፍርዎን የሚይዝ ጭረት ካለ አረሩ ቀጥ ብሎ አይወጣም።
- ባዶነቱን ዳግም አረጋግጠው ያቀባብሉ፤ የደህንነት ቁልፉን ይቆልፉ፤ ምላጩን ጠበቅ አድርገው ይሳቡና ይልቀቁ። ከዚያ ምላጩን ሳይነኩ ቁልፉን ይክፈቱ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ጠመንጃው ሰው ይገድላል። ዋጋ አይደራደሩ፤ ትተው ይውጡ።
- ሰደፉን ማስፈታት ከቻሉ ከብረቱ ሥር ዝገት ይፈልጉ። የላዩ ብረት ተወልውሎ ከሥሩ የበሰበሰ ጠመንጃ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ።
- ከመተኮስዎ በፊት ጠመንጃ ሠሪ የጥይት ማደሪያውን ልክ በመለኪያ ይፈትሽ።

ደረጃ 7፦ ቴሌስኮፑን ይግጠሙ

ለመካከለኛው ጠመንጃ ከ3 እስከ 9 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማጉላት ለዒላማ ወረቀት ነው። ለከባዱ ከ1 እስከ 4 ወይም ከ1 እስከ 6 የሚያጎላ ይሁን፤ በቅርብ የቆመ ጎሽ በ9 ጊዜ ሲጎላ ጥቁር ፀጉር ብቻ ይታያል።

1. የማያያዣውን ብሎኖችና ቀዳዳዎቻቸውን ከቅባት ያጽዱ።
2. የማያያዣውን መሠረት አምራቹ በጻፈው ልክ በጥብቀት መለኪያ መፍቻ ያጥብቁት።
3. ቴሌስኮፑን ሳያጠብቁ ያስቀምጡ። ሙሉ ክብ እያዩ ከዓይንዎ እስከ መስታወቱ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ወደ ፊት ይግፉት። ለከባዱ ጠመንጃ ከዚህም ያርቁት።
4. በቴሌስኮፑ ውስጥ የሚታየው መስቀል ቋሚ መስመሩ ከጠመንጃው ጋር ቀጥ ይበል። ግድግዳ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር ሰቅለው ያስተያዩት።
5. ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቀው ወደ ሌላው አይሂዱ።

ደረጃ 8፦ ዒላማ ያስይዙ

ዒላማ ማስያዝ ማለት አረሩ የቴሌስኮፑ መስቀል በሚያሳየው ቦታ እንዲያርፍ ማስተካከል ነው። ጆሮዎንና ዓይንዎን ይከላከሉ፤ የአደን ጠመንጃ ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ስለሆነ አንድ ተኩስ እንኳ መስማትን ሊጎዳ ይችላል።

1. ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ ያስደግፉ። መዝጊያውን ያውጡ። በቱቦው ውስጥ እያዩ 25 ሜትር ላይ ያለውን ዒላማ መሐል ያድርጉ። ጠመንጃው ሳይነቃነቅ የቴሌስኮፑን መስቀል ወደዚያው ነጥብ ያምጡ።
2. መዝጊያውን ይመልሱ። በ25 ሜትር ሦስት ጥይት ይተኩሱ። በሦስቱ መሐል ነጥብ ያድርጉና ከዒላማው መሐል ያለውን ርቀት ይለኩ።
3. ያስተካክሉ። የተለመደው የቴሌስኮፕ ማስተካከያ አንድ ጠቅታ በ100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሳል፤ በ25 ሜትር ግን 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። «አልሠራም» ብለው የሚበሳጩት አብዛኞቹ እዚህ ላይ አራት እጥፍ ማዞር እንዳለባቸው የረሱ ናቸው።
4. 25 ሜትር ላይ መሐሉን ከመታ ወደ 100 ሜትር ይሂዱ። ሦስት ይተኩሱ፤ ቱቦው በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ሦስት ይድገሙ።
5. ለ.308 እና ለመሰሎቹ በ100 ሜትር ከመሐል 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። እንዲህ ሲሆን 180 ሜትር አካባቢ ላይ መሐሉን ይመታል፤ በ250 ሜትር 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህ ቁጥር የሚሠራው 9.7 ግራም አረር በሴኮንድ 860 ሜትር ሲወጣ ነው፤ የእርስዎን በ200 ሜትር ተኩሰው ያረጋግጡ።
6. .22ን በ50 ሜትር፣ .375ን በ100 ሜትር ልክ መሐል ያስይዙ።

የሣጥኑን ስም፣ የአረሩን ክብደትና ቀኑን ጽፈው ሰደፉ ላይ ይለጥፉ። የጥይት ዓይነት ሲቀይሩ ዒላማው እንደ አዲስ ይያዛል።

ደረጃ 9፦ የራስዎን የርቀት ወሰን ይወቁ

20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ወይም ክብ ካርቶን ይስቀሉ፤ የመካከለኛ እንስሳ ልብና ሳንባ ይህን ያህላል። ለትንሽ ሚዳቋ ወደ 12 ይቀንሱት። ከረጢቱንና ጠረጴዛውን ትተው ተንበርክከው፣ ተቀምጠው፣ በእንጨት ድጋፍ ቆመው ይተኩሱ። ከ50 ሜትር ይጀምሩ። ከአምስት አምስቱን ከመቱ 25 ሜትር ይራቁ። አንድ ሲስቱ ያቁሙ። የመጨረሻው አምስት ከአምስት የሆነበት ርቀት ወሰንዎ ነው፤ ጠመንጃው ከዚያ በላይ መቻሉ ምንም አይለውጥም። አብዛኛው ሰው ቆሞ ሲተኩስ ወሰኑ 100 ሜትር አይሞላም፤ አያፍሩ፣ ቀረብ ይበሉ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ጥይቶቹ በወረቀቱ ላይ ከተበታተኑ። ቴሌስኮፑን አይንኩ። በመጀመሪያ የማያያዣ ብሎኖቹን፣ ቀጥሎ ሰደፉን ከብረቱ የሚያያይዙትን ይፈትሹ። ከዚያ ሌላ ዓይነት ጥይት ይሞክሩ። ይህ ሁሉ ካልፈታው ሌላ ጎበዝ ተኳሽ ይተኩስበት። እርሱም ከበተነ ቴሌስኮፑን ይቀይሩ። ጠመንጃው መጨረሻ ነው የሚጠረጠረው።

ጥይቶቹ ሁሉ ወደ ታች ከወረዱ። ምናልባት እየፈሩ ነው። ጓደኛዎ እርስዎ ሳያዩ አንዳንዴ እውነተኛ፣ አንዳንዴ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ያጉርስልዎ። የልምምዱ ጥይት በሚገባበት ጊዜ ምላጩ «ቀጭ» ሲል አፈሙዙ ወደ መሬት ከዘለቀ ሁሉም ግልጽ ነው። እኔ ላይ ሲደረግ አፈሙዙ አንድ ስንዝር ወረደ፤ ከጓደኛዬ ሳቅ ይልቅ እርሱ ነበር ያሳፈረኝ። መድኃኒቱ ወደ .22 ወርዶ ሁለት ሳምንት መለማመድ ነው።

ቴሌስኮፑ ቅንድብዎን ከመታ። ተኩሱን ያቁሙ። ወደ ደረጃ 7 ተመልሰው ወደ ፊት ይግፉት። ሽቅብ ሲተኩሱ ዓይን ወደ መስታወቱ ስለሚቀርብ በዚህ አቀማመጥም ይሞክሩት።

ምላጩ ተስቦ ካልተኮሰ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀናዎ 30 ሴኮንድ ይቁጠሩ፤ ባሩዱ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። ከዚያ ብቻ መዝጊያውን ይክፈቱ።

ድምፁ ከወትሮው ካነሰ። ሌላ ጥይት አያጉርሱ። አረሩ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። መዝጊያውን አውጥተው በቱቦው ውስጥ ብርሃን ይፈልጉ። ካልታየ ወደ ጠመንጃ ሠሪ ይውሰዱት፤ በሌላ ጥይት ለመግፋት መሞከር ጠመንጃውን በፊትዎ ላይ ማፈንዳት ነው።

ጠመንጃው ከወደቀ ወይም በጉዞ ከተንገላታ። ወደ አደን ከመውጣትዎ በፊት በ100 ሜትር ሁለት ጥይት ይተኩሱ። ፈቃድ የተያዘለትን እንስሳ አቁስሎ ከማጣት ሁለት ጥይት ይረክሳል።

ኪስዎ ውስጥ የሁለቱም ጥይት ከተደባለቀ። ሁሉንም አውጥተው ከቀለሁ ግርጌ የተቀረጸውን ስም አንድ በአንድ ያንብቡ። ለሚቀጥለው ጊዜ በአንድ ጉዞ አንድ ጠመንጃ ይያዙ፤ ሁለቱን መያዝ ግድ ከሆነ የአንዱ ጥይት በወገብ ቀበቶ፣ የሌላው በከረጢት ይሁን።

ሁለተኛው ጠመንጃ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሣጥኑ ካልወጣ። የደረጃ 1ን ወረቀት አውጥተው እንደገና ይሙሉ። ረድፉ ባዶ ከሆነ ጠመንጃውን ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ያስተላልፉት። ቴሌስኮፑን ግን ፈትተው ያስቀሩ፤ ወደ ዋናው ጠመንጃ ካዛወሩት ደግሞ ደረጃ 8ን ከ25 ሜትር ጀምረው ይድገሙ።